የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ትዕግሥትና ቍርጥ ሐሳብ በዐድዋ ዘመቻ

በጦርነት ዘመን የሕዝብ መሪ የሆነ ሰው በሁለት መንገድ ይፈተናል። አንደኛው ፈተና ጠላት በመጣ ጊዜ ተነሥቶ ለመውጣት መቍረጥ ነው። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ሠራዊቱ በእልህ፣ የራሱም ልብ በቍጣ በተሞላበት ሰዓት እጁን ለመሰብሰብ መቍረጥ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ነገሥታት ፈጽመውታል፤ ሁለተኛውን የፈጸሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ንጉሥ ዳዊት ጎልያድን በጣለበት ቀን ኃያል መሆኑ ታወቀ፤ በዐይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን አግኝቶ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈርጦ በተወው ቀን ግን ለንግሥና የተገባ መሆኑ ታወቀ። ጎልያድን ለመጣል ክንድና እምነት አስፈልጎ ነበር፤ ሳኦልን ለመተው ግን የራስን ልብ ማሸነፍ ያስፈልግ ነበር።

በአዲስ አበባ ከተማ በአራዳ፣ ብዙ ሰው ፒያሳ ብሎ በሚጠራው ሰፈር የሚያልፍ ሁሉ፣ በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በፈረስ ላይ የተቀመጠውን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሐውልት ያያል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ ንጉሡም የጦር ሰው መልክ ይዘዋል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ እኚህን የጦር ንጉሥ በእናት ስም እምዬ ምኒልክ ብሎ ጠራቸው። በጦር ሜዳ ድል ያደረገ ንጉሥ እንዴት በእናት ስም ተጠራ? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የዐድዋ ዕለት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረው የሕይወታቸው ታሪክና በዘመቻው ውስጥ የወሰኑት አስቸጋሪ ውሳኔ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት ከዚሁ አንጻር በአጭሩ እንመለከታለን።

ልደታቸውና የወጣትነት ፈተናቸው

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ፤ አያታቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር።

ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። በዚያው ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ስለ ዐረፉ፣ ልጃቸው ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። እዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ሴት ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ሆኖም የተማረከ ሰው በወርቅ አልጋም ቢተኛ ምርኮኛነቱ አይቀርም። የተሸነፈ ሰው ልቡ ምን እንደሚመስል፣ በሌላው እጅ ያለ ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋ ወጣቱ ምኒልክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተማሩ።

በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወጡ ጊዜ በወሎ ምድር ንግሥት ወርቂት ተቀበለቻቸው። የእርሷ ልጅ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ምርኮኛ ነበረ። ያመለጠውን አሳልፋ ብትሰጥ ኖሮ ልጅዋን ለማስለቀቅ ተስፋ ይኖራት ነበር። እርሷ ግን ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው፤ ልጅዋም ተገደለባት። ዐፄ ምኒልክ ዙፋናቸውን ያገኙት እንዲህ ባለ የሌላ ሰው ዋጋ ነበር።

ከዚያም በሸዋ ነገሡ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ፣ ጦር ከመግጠም ይልቅ መታረቅን መረጡ። በልቼ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ዐፄ ዮሐንስም ተቀብለው የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸኑላቸው። ይህ ለአንድ ንጉሥ ትልቅ ውርደት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቀን ሊፈስ የነበረው የሁለት ወገን ክርስቲያን ደም ሳይፈስ ቀረ። በአንገት ላይ የተጫነው ድንጋይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቁት ንጉሥ፣ ሌላው ተሸክሞት በመጣ ጊዜ ከአንገቱ ማውረድን አልረሱም።

ከጦርነቱ በፊት የነበረው ይቅርታ

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ላይ ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ጋር ተዋጉ። ድሉ የሸዋው ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። ዐፄ ምኒልክ፣ በዚያን ጊዜ ንጉሥ ምኒልክ፣ የምርኮኛቸውን ቍስል ራሳቸው አስታመሙ፤ በክብርም ያዟቸው። ጎጃሜው ንጉሥ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ የጎጃምን ጦር ይዘው በዐድዋ ሜዳ ከዐፄ ምኒልክ ጎን መሰለፋቸው በእምባቦ ቍስል ላይ ከተደረገው ርኅራኄ ጋር የሚያያዝ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው ተዋግተው ወደቁ። ዐፄ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ግን ዙፋኑ የእኔ ነው ብለው በትግሬ ቈዩ። በ1884 ዓ.ም. በመረብ ወንዝ አጠገብ ከጣልያኖች ጋር እስከ መማማል ደረሱ። በኋላ ግን የጣልያን ወዳጅነት ለማንም እንደማይበጅ ተገንዝበው፣ በ1886 ዓ.ም. ከራስ አሉላ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ድንጋይም ተሸክመው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። የዐፄ ዮሐንስ ልጅ አባቱ በልቼ ከአንገት ያወረዱት ዓይነት ድንጋይ ተሸክሞ በቆመ ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክ ይቅርታ አደረጉለት። ዓመት ሳይሞላ ጣልያንን በመጀመሪያ የገጠሙት እኚሁ ራስ መንገሻ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የጣልያን ሹማምንት ትልቁ ተስፋቸው መድፋቸው አልነበረም፤ የኢትዮጵያ መሳፍንት መለያየት ነበር። ጎጃም ከሸዋ፣ ትግሬ ከሸዋ አይገጥምም ብለው ነበር። ይህን ተስፋቸውን ያፈረሰው አስቀድሞ በየጊዜው የተደረገው ይቅርታ ነው። ስለዚህ የዐድዋ ድል የተዘጋጀው በጥይትና በስንቅ ብቻ አይደለም፤ በዕርቅም ጭምር ነው።

ክፉ ቀንና የውጫሌ ውል

ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ የወጡበት ዘመን የመከራ ዘመን ነበር። ጣልያኖች ለሠራዊታቸው ወደ ምጽዋ ካስመጡት ከብት ጋር የገባው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ተሠራጭቶ የእርሻውን በሬ ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ አንበጣና ድርቅም ተጨመረ። ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በዚያ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ምድሩን ቈፈሩ፤ መኳንንቱም የእርሳቸውን አርአያ ተከትለው ቈፈሩ። በእጅ መቈፈርን እንደ ውርደት ይቈጥር የነበረው ጨዋ ሁሉ ንጉሡ ዶማ ይዘው ባየ ጊዜ የሚያፍርበት ምክንያት አጣ። የሕዝብን ልብ የሚያነሣው ብዙ ቃል ሳይሆን እንዲህ ያለ ሥራ ነው። በእልፍኝ ተቀምጦ በርታ የሚል መሪና ከሕዝቡ ጋር አፈር ነክቶ በርታ የሚል መሪ አንድ አይደሉም።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈርሞ ነበር። የዚህ ውል ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጽፎታል። ጣልያንም በዚህ አሳብቦ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቀ። ይህ በታወቀ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ወዲያው ጦር አላነሡም። አገሩ በረኀብ ደክሟል፤ መሳፍንቱም ገና በአንድነት አልቆሙም። ስለዚህ ለሮማው ንጉሥ ጻፉ፤ ከመልእክተኛው ከአንቶኔሊ ጋር ተከራከሩ። እቴጌ ጣይቱም በዚህ ክርክር የአገራቸውን ክብር አሳልፈው እንደማይሰጡ በግልጽ አስታወቁ። በመጨረሻ በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉ የፈረሰ መሆኑን ለመንግሥታት ሁሉ አሳወቁ። እንግዲህ የውሉ ጠማማነት ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዘመቻው ድረስ አምስት ዓመት ያህል በትዕግሥት አለፈ። ያ ትዕግሥት ፍርሃት የመሰላቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ዝግጅት ነበር።

የክተት ዐዋጅና ጉዞው

በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ። ዐዋጁ የአገር ድንበር መደፈሩንና ሃይማኖት መነካቱን ለሕዝቡ ገለጠ፤ ጕልበት ያለውን ወደ ዘመቻ ጠራ፤ አቅም ያነሰውንም በጸሎቱ እንዲያግዝ ለመነ፤ ሰበብ ፈጥሮ ለሚቀረው ግን ቍርጥ ያለ ተግሣጽ ሰጠ። የዚህ ዐዋጅ ጥበብ ማንንም ከሥራ ውጭ አለማድረጉ ነው። አሮጊቷና በሽተኛው፣ መነኵሴውና ሕፃኑ ሁሉ የዘመቻው ተካፋይ ሆኑ። ጦር ይዞ የወጣው ከኋላው የሚጸልይለት እንዳለ ዐወቀ፤ በቤት የቀረውም ከንቱ ሆኖ እንዳልቀረ ዐወቀ። የሕዝብ ልብ የሚጸናው እያንዳንዱ ድርሻ እንዳለው ሲያውቅ ነው።

ዐፄ ምኒልክ አገሩንና ከተማውን ለአጎታቸው ለራስ ዳርጌ ዐደራ ሰጥተው በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ። የመክተቻው ስፍራ ወረኢሉ ነበር። ከእርሳቸው ጋር እቴጌ ጣይቱ ወጡ፤ ራስ መኰንን ከሐረር፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ራስ ወሌ ከየጁ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ዋግሹም ጓንጕል ከላስታና ከዋግ ሰዎች ጋር፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ በትግሬ ተሰለፉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱን ይዘው አብረው ዘመቱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወረደ። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በተዋጋ ጊዜ ሙሴ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አሮንና ሖርም ደግፈውት እንደ ነበረ፣ በዚህ ዘመቻም ሰይፍ የያዘውና መስቀል የያዘው በአንድ መንገድ ሄዱ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ላይ ግንባር ቀደም የሆነው ጦር የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ድል አደረገ፤ ቶዜሊም በዚያው ወደቀ። የመጀመሪያው ድል የሠራዊቱን ልብ ከፍ አደረገው። የመሪው ከባድ ፈተና የጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የመቀሌ ምሽግ

ጣልያኖች በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ከበው ምሽግ ሠርተውበት ነበር። በውስጡም በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ ከአንድ ሺህ በላይ የሆነ ጦር ነበረበት። የኢትዮጵያ ሠራዊት በምሽጉ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው ጠፋበት፤ ግንቡም አልተደፈረም። በዚያ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ የጠላት ጦር ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ ለመያዝ መከሩ። ምንጩ ተያዘ፤ በምሽጉም ውስጥ ያለው ሁሉ በውኃ ጥም ተጨነቀ። ጥቂት ቀን ቢጠበቅ ኖሮ ሁሉም ያልቅ ወይም እጁን ይሰጥ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ግን በጥር ወር በራስ መኰንን አማካይነት ተነጋግረው፣ የተከበበው ጦር መሣሪያውን እንደ ያዘ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ፈቀዱ። ወንድሙ በምሽጉ ሥር ለወደቀበት ወታደር ይህን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። ንጉሡ ስለ ምን ይህን አደረጉ? አንደኛ፣ ክርስቲያን ንጉሥ ክርስቲያኖችን በውኃ ጥም እንደማይጨርስ ለማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ ጣልያን በዚህ ተነክቶ ወደ ዕርቅ ቢመለስ የብዙ ሰው ደም ይተርፋል ብለው ተስፋ አድርገው ነው። ሦስተኛ፣ የሚሸኘው ጦር በመካከል ሳለ ሠራዊታቸው ያለ ሥጋት በሐውዜን በኩል ወደ ዐድዋ አቅጣጫ ለማለፍ ጊዜ አግኝቷል። ምሕረትና ጥበብ በአንድነት ሄዱ ማለት ነው።

ይህን ሥራ በመጽሐፈ ነገሥት ከምናገኘው የነቢዩ የኤልሳዕ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የሶርያ ጭፍሮች በሰማርያ መካከል በእስራኤል ንጉሥ እጅ በወደቁ ጊዜ፣ ንጉሡ ሊመታቸው ፈልጎ ነቢዩን ጠየቀ። ነቢዩ ግን እንጀራና ውኃ ሰጥቶ እንዲያሰናብታቸው አዘዘ። በዚያ ታሪክ ሶርያውያን ለጊዜው ከወረራ ተመለሱ። በመቀሌ የተሰናበቱት ግን አልተመለሱም፤ ጋሊያኖ በዐድዋ እንደገና ተሰልፎ ተዋግቶ በዚያው ሞተ። ስለዚህ ምሕረት ሁልጊዜ በተደረገለት ሰው ላይ ፍሬ ያፈራል ማለት አይቻልም። ምሕረት የሚደረገው የተቀበለው ሰው ምስጋና እንዲመልስ ሳይሆን፣ የሰጠው ሰው ሰውነቱን እንዳያጣ ነው። በእርግጥም የሮም መንግሥት ከዚህ በኋላ እንኳ የውጫሌን ውል አጽኑ ከማለት አልተመለሰም፤ የዕርቁም ንግግር ፈረሰ።

ዐድዋ

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ ዙሪያ ሰፈረ። የጣልያን ጦር ደግሞ በሳውሪያ ከፍታ ላይ መሽጎ ተቀመጠ። ሁለቱ ሠራዊት እየተያዩ ሳምንታት አለፉ። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው የሚበላው ስንቅ እያለቀ ሄደ፤ የትግሬም ባላገር በወዳጅም በጠላትም ጦር ቀለብ ተጎዳ። መኳንንቱ ወጥተን እንግጠም የሚል አሳብ ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምሽግ ላይ መውጣት ምን እንደሚያስከፍል በመቀሌ አይተዋል። ስለዚህ በረኀብ የሚመጣውን ማጕረምረም ታግሠው፣ ጠላት ከምሽጉ እስኪወጣ መጠበቅን መረጡ። ረኀብተኛ ሠራዊት ይዞ መጠበቅ ከመዋጋት ይከብዳል። ስንቁ በጣም ስላነሰም ጥቂት ቀን ቢጨመር ሰፈሩን ለመልቀቅ ይገደዱ ነበር።

በዚህ መካከል ባሻ አውዓሎም የተባለ የአገሩ ተወላጅ በጣልያኖች ዘንድ እንደ ሰላይ ሆኖ እየታመነ ለኢትዮጵያ ይሠራ ነበር። ጄኔራል ባራቲዬሪም ከሮም ያለው መንግሥት ድል በጥብቅ ስለሚፈልግበት፣ የራሱም ስንቅ ስላነሰበት፣ ከ17 ሺህ በላይ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ተነሣ። ጦሩ በአልቤርቶኔ፣ በአሪሞንዲ፣ በዳቦርሚዳና በኤሌና ሥር በአራት ተከፍሎ ነበር። በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ ባላገሩ ኪዳነ ምሕረት ከሚለው ስፍራ የተለየ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ወደ ፊት ገባ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በሌሊት በቅዳሴ ጸሎት ላይ ሳሉ የጠላት መምጣት ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለዓለም የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። የአልቤርቶኔ ጦር ተሰብሮ እርሱ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ወደቁ፤ ባራቲዬሪ ሸሸ። ከኢትዮጵያም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን ጨምሮ ብዙ ሺህ ሰው ስለ አገሩ ሞተ። እቴጌ ጣይቱ በጸሎትና በማበረታታት ቆመው ነበር፤ ሴቶችም በጥይት መካከል ለተዋጊው ውኃ ያመላልሱ ነበር። አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ መስቀል ይዘው ሠራዊቱን ይባርኩ ነበር።

ከድል በኋላ

ሽንፈት ብዙ ሰው ያስተዋውቃል፤ ድል ግን የሰውን ልብ ይበልጥ ይገልጣል። በዚህ ምዕራፍ የምናደንቀው ነገር አለ፤ የምናዝንበትም ነገር አለ። ሁለቱንም መናገር ይገባል፤ መጽሐፍ ቅዱስም የንጉሥ ዳዊትን ድል ጽፎ ኃጢአቱን አልሸሸገም።

የተማረኩት ጣልያኖች ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። በረጅሙ ጉዞ ላይ የሞቱም አሉ። ወደ አዲስ አበባ የደረሱት ግን በየመኳንንቱና በየባላገሩ ቤት ተከፋፍለው ተቀመጡ፤ የሕዝቡን እንጀራ በልተው ሰነበቱ። በ1888 ዓ.ም. ክረምት የሮማው ፓፓ ሊዮን 13ኛ ስለ ምርኮኞቹ የሚለምን ጳጳስ ልከው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛውን በክብር ተቀበሉ፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን የጣልያን የጦር መርከብ ጠመንጃ የጫነ የሆላንድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ስለ ያዘ፣ ሰላም ሳይጸና ምርኮኞቹን መልቀቅ አልተቻላቸውም። ከዕርቁ በኋላ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከጣልያን ጋር ተሰልፈው በተማረኩት የአገር ተወላጆች ላይ ግን ከባድ ፍርድ ተፈረደ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች አገራቸውን ከድተዋል ተብለው በጥንቱ ሥርዓት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ፤ ብዙዎቹም በቍስሉ ሞቱ። የሠራዊቱ ቍጣ ብርቱ ነበር፤ ፍርዱም በዘመኑ ልማድ የተደገፈ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በክፉው ቀን ረኀብ ተገፍተው የባዕድ እንጀራ የበሉ ድኾች ነበሩ። በመቀሌ ለባዕድ የተደረገው ምሕረት በዐድዋ ለወንድም አልተደረገም። ይህ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ላይ የሚቀር ኀዘን ነው፤ መሪ በአንድ ሰዓት የሠራዊቱን ቍጣ መግታት ቢችል በሌላ ሰዓት እንደሚሳነው ያስተምረናል።

ሌላው አስቸጋሪ ውሳኔ መረብን ተሻግሮ ጠላትን እስከ ባሕር ማሳደድ ወይም መመለስ ነበር። ስንቅ አልነበረም፤ ፈረሱና በቅሎው አልቋል፤ ቍስለኛው ብዙ ነው፤ ከኢጣልያም አዲስ ጦር በመርከብ እየገባ ነበር። ዐፄ ምኒልክ መመለስን መረጡ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሻረ፤ የኢትዮጵያም ነፃነት ያለ ምንም ተቀናሽ ታወቀ። ነገር ግን ከመረብ ማዶ ያለው ወገን በባዕድ እጅ ቀረ፤ በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ኢትዮጵያን እንደገና የወረረው ከዚያው ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ይህን ውሳኔ የሚነቅፉ ሰዎች ነገራቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም መሪ የሚወስነው ወደ ፊት የሚሆነውን አይቶ ሳይሆን በእጁ ያለውን መዝኖ ነው። የተራበና የቈሰለ ሠራዊት ወደ ሌላ ጦርነት ነድቶ የተገኘውን ሁሉ ማጣትም ይቻል ነበር። ተመልሶ የመጣው ወታደር ከነሕይወቱ ወደ ልጆቹ ገባ፤ እምዬ የሚለውም ስም ከዚህ ዓይነቱ አሳቢነት ጋር የሚስማማ ነው።

የአራዳ መታሰቢያ

ዐፄ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ በጽኑ ደዌ ተይዘው ቈይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል። የዘመቻቸው መታሰቢያ ግን ከሁሉ ይልቅ በአራዳ ነው።

ለዐድዋው ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተሠራ። ከሠሩት ሰዎች መካከል ስሙ የሚነሣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ከዐድዋ ምርኮኞች አንዱ የነበረና በአገራችን የቀረ ጣልያናዊ ነው። ሊወጋ የመጣው እጅ የድሉን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ድንጋይ አቀና። ምርኮኛውን ገድለውት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

የንጉሡ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። በጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ሐውልቱን ከስፍራው አነሡት፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተፈጀች ጊዜም ቤተ ክርስቲያኑን በእሳት አቃጠሉ። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሰፈር የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ፒያሳ የሚለው ስም የባዕድ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቆሞ የሚታየው ግን የኢትዮጵያ ነፃነት ምስክር ነው።

ከዚህ የምንማረው

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ የጻፍነው በአባቶች ድል ለመመካት ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው ጦርነት፣ ጎጃሜውና ሸዌው፣ ወሎዬውና ትግሬው በአንድነት ደማቸውን ባፈሰሱበት በዚያው በዐድዋ ምድር፣ ወንድም በወንድሙ ላይ መሣሪያ አነሣ። ይህን ያየ ትውልድ የዐድዋን ታሪክ ከመተረክ አልፎ ሊመረምረው ይገባል። የዐድዋ አንድነት በአንድ ቀን አልተገኘም፤ በልቼ በተሸከሙት ድንጋይ፣ በእምባቦ በታሠረው ቍስል፣ ለራስ መንገሻ በተደረገው ይቅርታ በጥቂት በጥቂቱ ተገነባ። የጦርነቱ ቀን ሲመጣ የሚታረቅ ሕዝብ ዘግይቷል፤ ቀድሞ የታረቀ ሕዝብ ግን በመከራ ቀን አይፈታም።

ካህናት ሆይ፣ በየንስሐ ልጆቻችሁ ቤት ያለውን ቂም ሳይሰነብት አስወግዱ፤ የትንሹ ቤት ዕርቅ የትልቁ አገር ምሽግ ነውና። የቤት አባቶችና እናቶች ሆይ፣ በክፉ ቀን ልጆቻችሁንና ሠራተኞቻችሁን በቃል ብቻ አታበርቱ፤ ዶማውን አብራችሁ ያዙ። በሹመት ያላችሁም ወገኖች፣ ለባዕድ የምታደርጉትን ምሕረት ለወንድም አትንፈጉ፤ በዐድዋ የቀረው ኀዘን ይህን ያስታውሳችሁ። ሁላችንም ደግሞ በተቈጣን ሰዓት እጃችንን ለመሰብሰብ ኃይል እንዲሰጠን እግዚአብሔርን እንለምን፤ ይህ ኃይል ለመምታት ከሚያስፈልገው ኃይል ይበልጣልና።

እግዚአብሔር አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ስለ እርሷ የወደቁትን ነፍስ ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።